ሮቶ ላይ የቀሩ ዘጠኝ መልእክቶች

ለይኩን ወንድሙን አለምሰገድን በቃሬዛ የተሸከመው የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። እሱ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ወንድሙ አሥራ ሰባት፤ ሁለቱም ከበለሳ ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ነበር። እባብ አለምሰገድን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነደፈው። እርሻው ላይ መኪና የለ፤ ትራክተሩም ከተማ ሄዷል። ስምንት ሆነው እየተፈራረቁ ከጧት እስከ አመሻሽ ተሸከሙት። የመተማው አስፋልት ታያቸው። የጭነት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው ሲያልፉ ታዩአቸው። አለምሰገድ እጁ ከቃሬዛው ላይ ተንሸራቶ የወደቀው ያኔ ነው። የቀረውን መንገድ የተሸከሙት ሬሳ ነበር።

ለይኩን ከዚያ ወዲያ ወደ ደጋ አልተመለሰም። እናቱ ፊት መቆም አቃተው። በዚያው ቆላ ቀርቶ ሳሉግ ሆነ፤ ሳሉግ የሚባሉት እንደ ወቅት ሠራተኛው መጥተው የማይመለሱት፣ ቆላውን ቤታቸው ያደረጉት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ትምህርቱ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት የኔታ ዘንድ ዳዊት ስለደገመ ማንበብ አይሰለቸውም፤ ያገኘውን የታተመ ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር ያነባል። የተሰበረ ሬዲዮ እየፈታ እየገጠመ፣ የተበላሸ ስልክ እየከፈተ እየዘጋ፣ ማንም ሳያስተምረው ጥገና ለመደ። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው መተማ ዮሐንስ ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ የራሱ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው። ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከዕድሜ ልክ ጸሎቱ ያልቀነሳት አንዲት ነገር ነበረች፤ እርሻ ላይ የተነደፈ ሰው መነደፉ በሰዓቱ ይሰማለት። ሌላው የእግዚአብሔር ፈንታ ነው።

እርሻው ላይ ድሮም የስልክ ኔትወርክ የለም። ከተማው ላይም ሲመጣ ሲሄድ የሚኖር ነገር ነው። እና አንድ ቀን ኢኽላስ የምትባል ሴት ሱቁ መጣች። ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ መጠለያ የገባች መሐንዲስ ናት። ቻርጀር ልታስጠግን መጥታ የለይኩንን የሽቦ ክምር ስታይ ቁጭ አለች። ሦስት ቀን ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን በሻሽ የተጠቀለሉ አምስት ትንንሽ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጡ፣ የጣት ጥፍር የምታህል መስኮት ያላቸው።

“ይሄ ስልክ አይደለም፤ ሬዲዮ ነው” አለችው፣ ሁለቱን ቋንቋ እያደባለቀች። “ኔትወርክ ማፊ፤ የለም። አንተ ትጽፋለህ፣ ይሄ ይሰማና ለዚያ ይሰጣል፣ ያ ደግሞ ለዚያ። አል ካርቱም ስልክ ሲጠፋ የቱ ጉድጓድ ውሃ እንዳለው የምንነጋገረው በዚህ ነበር።”

“ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?”

“ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ሩቅ። መሬት ላይ ከሆነ ከግመል አንገት አያልፍም።”

ደጋግማ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ነበር፤ አንቴናው ሳይታሰር ባትሪ እንዳያገናኝ። “አንቴና አወል፣ ባትሪ በዕደን! ሰማህ ያ ለይኩን?” ሰማሁ አለ። በነጋታው በጉጉት ተቻኩሎ ባትሪውን አስቀደመ፤ አንዱ ዕቃ ሞቆ ሞቆ ሞተ። ኢኽላስ አልተቆጣችውም። “መዓሌሽ፣ ምንም አይደለም” አለችና አራቱን ወደ እሱ ገፋችለት። አጠገቡ ያለን ስልክ ከዕቃው ጋር አገናኝቶ በስልኩ መጻፍና ማንበብን፣ ሁሉም በአንድ ሞገድና በአንድ የይለፍ ቃል እንዲሠሩ አድርጎ መሙላትን፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ደህናዎቹን ለይቶ ማውጣትን፣ መጽሐፍ የምታክል የፀሐይ ሰሌዳ ማገናኘትን አሳየችው። ሐምሌ ላይ ወደ ሌላ መጠለያ ተዛወረች። ለይኩን ስሟን በጸሎቱ ውስጥ ከክርስቲያኖቹ ጋር አስገባት። ሃይማኖቷን የማያውቅ ሆኖ አይደለም።

ዕቃዎቹን በምግብ መያዣ ፕላስቲክ ሳጥን አሽጎ፣ “ቅብብል” ብሎ ሰየማቸውና ተከላ ጀመረ። አንዱን ከኬላው ፊት ለፊት ስኳርና ጨርቅ ለምትነግደው ለዘሊካ፣ ሱቋ ጣራ ላይ ባለው የድሮ ዲሽ ምሰሶ አሰረላት። ወንድሟ ፈሀድ ፒክአፕ አለው፤ ሰው ከተነደፈ ሊሄድ በአላህ ስም ቃል ገባ። አንዱን ለይኩን ራሱ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ከከተማው ብዙ ርቆ፣ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለው የአንድ ባለሀብት እርሻ ደግሞ አንዱን ለሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ ለማስተዋል ሰጣት። ከከተማው ሳጥን እስከ ማስተዋል ሳጥን ግን በአንድ ትንፋሽ አይደረስም። መሀል ላይ ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሜዳ ከፍ ያለው ነገር የአቶ ፈረደ ሮቶ ብቻ ነው፤ ባለ ብዙ ሄክታሩ ባለሀብት ውሃ የሚያጠራቅምበት፣ በረጅም የብረት እግር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ጋን።

ፈረደ መጀመሪያ እሺ ያለው በደስታ ነው። “ናፍታ ሲያልቅብኝ ሰው በእግር አልሰድም ማለት ነው?” አለ። ለይኩን ሮቶው ላይ ወጥቶ በጥላው በኩል፣ የቆላው ሙቀት ባትሪውን እንዳያሳብጠው አድርጎ አሰረው።

ማስተዋል ከጋይንት የወረደች የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ሳንጃ እህቷ ዘንድ የተወቻት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለቻት። በሁለት ቀን ውስጥ ከለይኩን ይልቅ ፈጥና መጻፍ ለመደች።

“አያ ለይኩን፣ ይህ ሳጥንዎ ከባሌ ይሻላል።”

“በምን?”

“ሲጠሩት ይመልሳላ! ያኛው ሁመራ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ።”

የመመለሱን ደንብ ያወጣው ለይኩን ነው። መልእክት የደረሰው ሁሉ ምንም ሥራ ቢይዝ “ደርሶኛል” ብሎ ይጽፋል። ጧት ጧት ማስተዋል “ደህና አደራችሁ” ስትል ከዘሊካ “ደርሶኛል”፣ ከለይኩን “ደርሶኛል” ይመጣላታል።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ የጎጃም ሰው ማሽላ አረም ላይ ተነደፈ። ማስተዋል ጻፈች። ሮቶው ተቀበለ፣ አሳለፈ። ዘሊካ “ደርሶኛል” አለች፤ ፈሀድ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሄዶ ሰውየውን አመጣው። ጤና ጣቢያ ማርከሻው ተሰጠው፤ ዳነ። ነርሱ ለይኩንን ጠርቶ “ሰውየውን ያዳነው አለመራመዱ ነው። የተነደፈ ሰው ከተንቀሳቀሰ መርዙ ይሠራጫል። ተኝቶ መኪና ይጠብቅ በላቸው” አለው። ለይኩን ይህንን ሁለተኛ ደንብ አድርጎ ለሁሉም ላከ። የዳነው ሰው ሱቁ ድረስ መጥቶ ጉልበቱን ሊስም ሲጎነበስ ለይኩን አለቀሰ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ በሰው ፊት ሲያለቅስ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተመስገን አለ፤ ደግሞ ደጋግሞ ተመስገን አለ።

ጥቅምት ገባ፤ ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ከደረሰ አጭደው፣ ሂላ በሚሉት ነዶ አስረው፣ ቀጥ አድርገው ካላቆሙት አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት አጫጅ ንጉሥ ነው። ባለሀብት ከባለሀብት ሰው ይሰራረቃል፤ እንዳይሄዱበት መታወቂያቸውን ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍም አለ። ፈረደ ከሚቆልፉት ነው።

አንድ ጧት ቢሻው የሚባል ወሎዬ አጫጅ፣ ማስተዋል ወጥ ስታማስል ሳጥኑን ከነስልኩ ቀማትና ለዓለም ሁሉ ጻፈ፦ “እዚህ ፍየል ታርዷል። የሂላው ዋጋም ጨምሯል። የፈረደን ጨው አልባ ሽሮ የምትጠጡ ሁሉ ተሻገሩ።” መልእክቱ የፈረደ ሠራተኞች ስልክ ላይ ወጣ። ከከተማውም አንድ ትራክተር ሙሉ አጫጅ ሰምቶ፣ በፈረደ እርሻ በኩል እየዘፈነ አልፎ ማዶ ወረደ።

ለይኩን በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ፈረደ ሮቶው ሥር ፒንሳ ይዞ ቆሟል።

“አውርድልኝ ይህን የወሬ ሳጥን!”

“ምን አጠፋ አቶ ፈረደ?”

“ምን አጠፋ ይለኛል እንዴ? አርባ ሁለት አጫጅ ነበረኝ፤ ዛሬ አሥራ ሦስት። መታወቂያቸውን ትተውልኝ ሄዱ! ‘ፎቶዬን እያየህ አጭድበት’ አለኝ አንዱ። በገዛ ሮቶዬ ላይ ሰው ያሻግርብኛል ያ ማዶ ያለው!”

“ልጆቹ ቀልደው ነው። ከእንግዲህ ዋጋ እንዳይጻፍ እነግራቸዋለሁ።”

“ሂድና ለሰሊጡ ንገርልኝ፤ እንዳይረግፍ።”

“ጌታዬ፣ ይህ ከወረደ ማዶ ያለው ሰው ቢነደፍ የሚሰማው የለም። እርስዎም ያውቁታል።”

ፈረደ ፒንሳውን እጁ ላይ አገላበጠ። ክፉ ሰው እንኳ አይባልም ነበር፤ የሰሊጡን መርገፍ ድምፅ ሌሊት በሕልሙ የሚሰማ ሰው ነበር። “እሺ” አለ በመጨረሻ። “ከሰማ ይስማ፤ አያሳልፍ። እንዲያ ማድረግ ይቻላል?”

ይቻላል። ኢኽላስ አሳይታዋለች፤ ሳጥኑ እየሰማ ለሌላ እንዳያቀብል የሚያደርግ ትእዛዝ አለው። ለይኩን አይቻልም ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። ዋሽቶ ስለማያውቅ “ይቻላል” አለ።

“በቃ። ያ ሰውዬ የሚለውን እኔ በስልኬ ላንብብ፤ ከእኔ አይለፍ። አሥር ቀን። ሰሊጤ ሲገባ ትከፍተዋለህ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ካወቁ ሌላ ዘዴ ያበጃሉ። አይሆንም ካልህ አሁኑኑ እቆርጠዋለሁ።”

ለይኩን አሰበ። ሳጥኑ ከወረደ ዳግመኛ አይወጣም። አሥር ቀን ግን ያልፋል። እስከ ዛሬ በስንት ወር አንድ ሰው ነው የተነደፈው? ስልኩን አውጥቶ በሁለት ጣቱ ሠራው። ሮቶው ሰሚ ሆነ፤ አቀባይነቱ ቀረ።

ማስተዋል በነጋታው “ደህና አደራችሁ” ብላ ጽፋ መልስ አጣች። በሁለተኛውም ቀን አጣች። በሦስተኛው ቀን ለትራክተር ነጂ “ሳጥኑ ታሟል መሰለኝ፤ ይምጡልኝ” የሚል ቃል ሰጥታ ላከችው። ለይኩን ሱቁ ውስጥ ብዕር ይዞ ብዙ ተቀመጠ። እውነቱን ቢጽፍ ቢሻውና ጓደኞቹ ያነቡታል፤ በማግሥቱ ፈረደ ፒንሳውን ይዞ ሮቶው ላይ ነው። ከሲጋራ ካርቶን ቀዶ በሚያምር የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈቱ እንዲህ አለ፦ “ማስተዋል፣ አይዞሽ። ሙቀት ነው። መልስ ባይመጣልሽም መልእክትሽ ይደርሳል። ደንቡን አትተይ። ለይኩን።”

ካርቶኑን ለነጂው ሲሰጥ፣ የመጀመሪያ ውሸቴ ነው፣ አምላኬ ሰባት ቀን ብቻ ታገሠኝ አለ።

በስምንተኛው ቀን አመሻሽ ላይ የፈረደ ትራክተር ከነተሳቢው ሱቁ ፊት ቆመ። ተሳቢው ላይ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አለ። ቢሻው ወርዶ ለይኩን ፊት ቆመ። የተቃጠለ ፊቱ ላይ የሰሊጥ ገለባ ተጣብቋል። ሰላምታ የለም። ካርቶኗን አውጥቶ ዘረጋለት።

“ይኸ ያንተ ጽሕፈት ነው?”

“ማስተዋል ናት?” አለ ለይኩን፣ ጆንያውን እያየ።

“ይኸ ያንተ ጽሕፈት ነው ወይ አልሁህ!”

“የኔ ነው።”

“ቁርስ ልታደርስልን መጥታ ሂላ ልታቀብለኝ ስታነሣ እጇን ነደፋት። እንሸከምሽ አልን፤ እንቢ አለች። አያ ለይኩን ተኝታችሁ ጠብቁ ብሏል፣ ይደርሳል ብሏል አለች። ይችን ካርቶን እያሳየችን። አምስት ሰዓት ሙሉ መኪናህን ጠበቅን እኮ። አምስት ሰዓት! ያኔውኑ ብንነሣ…” ቢሻው አልጨረሰውም። ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተፈቱ ስልኮች መሀል አስቀመጣትና ወጣ።

ዘሊካ ሬሳው ላይ የምታለብሰውን ነጠላ ጨርቅ ከሱቋ ቀድዳ ይዛ ደረሰች። “እኔን አልጠራችኝም፤ ወላሂ አልጠራችኝም” እያለች ታለቅስ ነበር። ለይኩን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከቀብሩ ማግሥት ጧት ወደ ፈረደ እርሻ ሄደ። ፈረደ ሮቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ለይኩን ቆሞ “ስልክዎን ያሳዩኝ” አለው። ፈረደ ሳይከራከር ሰጠው። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ በተራ፣ ከነሰዓታቸው።

“እባብ። ማስተዋል ነኝ። ቀኝ እጄን ነው።”

“ፈሀድ ይነሣ። ተኝቻለሁ። አልተራመድሁም።”

“ደረሳችሁ ወይ”

“እጄ እስከ ክንዴ አበጠ። ልጆቹ እንሸከምሽ ይላሉ። ልጠብቅ ወይስ ልምጣ”

“እሺ እየጠበቅሁ ነው አያ ለይኩን”

“ዓይኔ ደበዘዘብኝ”

“ዘሊካ”

ስምንተኛው የእሷ አልነበረም። “መጻፍ አቃታት። የሰማ ካለ በፈጣሪ” ይላል። ዘጠነኛው፦ “ተነሥተናል። በእግር ነው።”

ሁሉም የተነበቡ ናቸው። ለይኩን ስልኩን እንደያዘ “አይተውታል” አለ።

“አይቸዋለሁ።”

“ትራክተርዎ የት ነበር?”

“እዚሁ።” ፈረደ መሬቱን በጫማው ጫረ። “ነገር መሰለኝ። እንድትከፍተው የፈለሰፉት ተንኮል መሰለኝ። ትናንትና በፍየል ያታለሉኝ ሰዎች ዛሬ በእባብ ቢመጡ ምን ይደንቃል አልሁ። በዘጠነኛው ጊዜ ነው ልቤ የፈራው፤ ትራክተሩን ብልክ መንገድ ላይ አገኛቸው። ሞታ።”

ከሮቶው ወዲያ የፈረደ ሂላዎች በመስመር ቆመዋል፤ ከአንዱም ሳይረግፍ።

“ስማ” አለ ፈረደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሰሊጤ ገብቷል ማለት ይቻላል። ክፈተው፤ ከእንግዲህ አልዘጋውም፤ በልጆቼ ስም። ሰው ሲጠይቅህ ባትሪው ነበር በል። እኔም ባትሪ ነው እላለሁ። እውነቱ ከወጣ ግን ማንም እዚህ ደጄ ላይ ድንጋይ ይዞ ሳይመጣ እኔው ቆርጨ እጥለዋለሁ። አስብበት። አንተ የምትጨነቀው ለሰው ነው፤ አይደል? ለሚቀጥለው ሰው አስብ።”

ንግግሩ ሐሰት አልነበረበትም፤ ከሁሉም የከፋው ያ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ ባትሪ ቢል፣ ሮቶው ይናገራል፤ የሚቀጥለው የተነደፈ ሰው ይዳናል። ለይኩን የፈረደን ስልክ መልሶለት በራሱ ስልክ ላይ ትእዛዙን ሻረው። ሮቶው ዳግመኛ አቀባይ ሆነ። ከዚያ የብረት መሰላሉን ይዞ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ በአንድ ወገን ከተማው በጭጋግ ውስጥ፣ በሌላው ከሽንፋ ማዶ ያለው እርሻ ታየው። ከዚያ ከፍታ ሲያዩት ቅርብ ነው።

አማተበ። የዛሬ ሳምንት የጻፋት ካርቶን ጣቱ ላይ ያለች ይመስለው ነበር። ሳንጃ ያለችው የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ቀን እናቴ ለምን ጠበቀች ብላ ትጠይቃለች፤ ባትሪ ይሏታል። ያ ከሆነ ከእንግዲህ በዚህ ሳጥን የሚመጣውን ቃል ማን ያምናል? ማን ተኝቶ ይጠብቃል? ሳጥኑን ከኪሱ አውጥቶ፣ ስልኩ ላይ ቀስ ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳይዘልል ጻፈ።

“ለይኩን ነኝ። ባትሪ አልነበረም፤ ሙቀትም አልነበረም። ሮቶው እንዳያሳልፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ከፈረደ ጋር ተስማምቼ። ለማስተዋል ይደርሳል ብዬ የጻፍሁላት ውሸት ነበር። መልእክቶቿ ሮቶው ላይ ቀሩ።”

ላከው። ከታች ፈረደ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያነበበ ነበር። ሲጨርስ ፒንሳውን ከበርጩማው ሥር አነሣና የመሰላሉን የመጀመሪያ ብረት ረገጠ።

ከከተማው ቶሎ መጣ። “ደርሶኛል” ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ዘሊካ ናት።

ከማዶ ቆየ። ፈረደ መሰላሉ ግማሽ ላይ ደርሶ ትንፋሹ ይሰማል። ለይኩን ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከመስኮቷ ሳይነቅል ጠበቀ። መጣ።

“ቢሻው ነኝ። ያኔ አንድ ቃል ብትለን በትከሻችን እናደርሳት ነበር።”

ለይኩን እስከ መጨረሻው ፊደል አነበበው። ደንብ ደንብ ነው፤ ያወጣውም እሱ ነው። የፈረደ እጅ ሽቦው ላይ ከመድረሱ በፊት “ደርሶኛል” ብሎ ጻፈ።